ቀኝ እጇን ያወጣችው ተማሪ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት አለፈው። «ደረሰብኝ» ማለቴም ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ያደረስኩት እኔ ራሴ ነኝ። ቦታው ቆቦ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም፤ እንዲያውም ለእኔ የምሥራች የመጣበት ሰሞን ነበር። ግን እንግሊዝኛ ላስተምር ክፍል በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ትዝ ባለኝ ቁጥርም በራሴ እናደዳለሁ። ባለቤቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው። ቀሪውን ዛሬ እዚህ ልጻፈው።

ለዐሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት የኅብረተሰብ ትምህርት ነበር። ካርታ እየሳልኩ፣ ስለ ወንዝና ስለ ተራራ እያወራሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የመምህራን ስም ዝርዝር ተለጠፈና ከስሜ ትይዩ «ትርፍ» የምትል ቃል አየሁ። ለእኔ ትምህርት ሁለት መምህራን አሉ፣ የሚያስፈልገው ግን አንድ ነው ተብሎ ነው።

ትርፍ የተባለ ሰው መምህር ወደ ጎደለበት ገጠር ይላካል። እኔ ደግሞ ቆቦ ላይ ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጆቼ እዚሁ ይማራሉ፣ ጉልበቴንም ያመኛል። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ግን ቃሉ ነው። ሰው በሙያው ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ እንደ ተራረፈ ወጥ ሲቆጠር ደስ አይልም።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝና «እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው አጥተናል። ለእሱ የሚሆን ተጨማሪ የሙያ ፈቃድ ብታወጣ ማንም አይነካህም» አለኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ?» አልኩት።

«ትርፍ ከመሆን ይሻላል» አለኝ። አነጋገር አያውቅበትም።

እናም ሁለት ክረምት ኮሌጅ ተመላለስኩ። ስልጠናው እንግሊዝኛን በቤቱም በደጁም ሰምቶት ለማያውቅ ልጅ እንዴት እንደሚያስተምሩት ነው። መቼም የኛ ልጆች እንግሊዝኛ የሚሰሙት ከእኛው አፍ ነው፤ የኛም እንግሊዝኛ ምን ዓይነት እንደሆነ እኛው እናውቃለን። ልጆቼ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ ስጽፍ መጀመሪያ አፈርኩ፤ በኋላ ግን፣ መዋሸት አልፈልግም፣ ወደድኩት።

አሰልጣኛችን ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚያወራ ሰው ነበር። ደጋግሞ የሚለን አንድ ነገር ነበር። «ልጅ ከመናገሩ በፊት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ዝም ያለውን ሁሉ አልገባውም አትበሉ። ጠይቁና ጠብቁ» ይለን ነበር። በጽሑፍ ፈተናው ላይ «ዝምተኛ ተማሪን እንዴት ትረዳለህ?» የሚል ጥያቄ መጣ። አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ወረቀቱን ለባለቤቴ ሳይቀር አሳየኋት።

ከዚያ ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛው፣ ደከም ያለ አንድ ተማሪ መርጬ ለአንድ መንፈቀ ዓመት እየተከታተልኩ ስለ ለውጡ ሪፖርት መጻፍ። ሁለተኛው፣ መዛኞች ክፍል ገብተው ሳስተምር እንዲያዩኝ። ርዕሰ መምህሩ ለዚሁ ብሎ አንድ የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሰጠኝ።

ለክትትሉ የመረጥኳት ዘሃራን ነው። ዕድሜዋ ከክፍሉ ልጆች ከፍ ይላል፤ በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ሲቋረጥ እሷም አቋርጣ፣ ሌሎቹ ሲመለሱ ሳትመለስ ቆይታ፣ ዘግይታ ነው የመጣችው። ቁመቷ ረዘም ስለሚል የምትቀመጠው ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው። ስሟን ስጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። በመጀመሪያው ፈተና ከሃያው ሁለት ብቻ አገኘች።

የመረጥኳት አዝኜላት እንዳይመስላችሁ። ከታች የጀመረ ሰው ትንሽ ከፍ ቢል ብዙ ይመስላል፤ ሪፖርቱ ያምራል ብዬ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን ከክፍል በኋላ ግማሽ ሰዓት እናጠና ነበር። ከሰዓት በኋላ የቆቦን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ከላይ፣ አቧራው ከታች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች ትከተላለች። «ገባሽ?» ስላት ራሷን ትነቀንቃለች። አንዳንድ ቀን እሷን «በልብሽ አንብቢ» ብዬ የሌሎች ደብተር አርም ነበር። አንዳንድ ቀንም አንቀላፋ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ደብተሯን እየዘጋች አወራችኝ።

«ቲቸር፣ እንግሊዝኛው ከጣለኝ እኮ ዋጃ ነው የምሄደው።»

«ዋጃ ምን አለሽ?»

«አክስቴ አለች። ለሹፌሮች ምግብ ትሠራለች። ሰው የለኝም፣ ዘሃራን ስጭኝ እያለች እናቴን እየጨቀጨቀቻት ነው። እናቴ ደግሞ ይሄን ዓመት ልያትና ትምህርቱ ከገባት አስተምራታለሁ፣ ካልገባት ምን ታደርጋለች ብላለች።»

«እና ይገባሻላ» አልኳት።

«ይገባኝ ጀምሯል፣ ቲቸር» አለችኝ።

«አይዞሽ» ብዬ ሰዓቴን አየሁ። ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ነበር።

ሪፖርቱን ስጽፍ «ተማሪዋ በየጊዜው እየተሻሻለች ነው፤ የማንበብና የመረዳት ችሎታዋ በጉልህ ጨምሯል» አልኩ። ፈትኛት አልነበረም። ሪፖርት እንዲህ ስለሚጻፍ ነው የጻፍኩት። ያልኩት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልዞረም።

አሁን ስለ አንድ ልማዳችን ልንገራችሁ። እንግዳ ወደ ክፍል ሲመጣ፣ ከወረዳም ይምጣ ከሌላ፣ ተማሪ ሁሉ እጅ ማውጣት አለበት። ጥቂት እጅ ብቻ ከወጣ መምህሩ አላስተማረም ይባላል። ስለዚህ የሚያውቅ ቀኝ እጁን ያወጣል፣ የማያውቅ ግራ እጁን። መምህሩ ከቀኞቹ መርጦ ይጠራል፤ እንግዳው ግን የሚያየው ጫካ የሚያህል እጅ ነው። ይህን ኮሌጅ አያስተምሩም። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከነባር መምህራን ነው የተማርኩት፤ ልጆቹም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቁታል።

መዛኞቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ክፍሌን አለማመድኩ።

«ነገ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። የምታውቁ?»

«ቀኝ!»

«የማታውቁ?»

«ግራ!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዘሃራም ከኋላ ስትስቅ አይቻታለሁ።

ርዕሰ መምህሩ በዚያው ቀን «ደካሞቹን ነገ አስቀራቸው እንጂ፤ ምን ታደርጋቸዋለህ?» ብሎኝ ነበር። አንዳንዱ እንዲያ ያደርጋል። እኔ «አላደርገውም» አልኩት። ያንን በማለቴም ከሌሎቹ የተሻልኩ ሰው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሁለት መዛኞች መጡ። አንደኛው መነጽር ያደረገ ሽማግሌ፣ ሁለተኛዋ ዝም ብላ የምትጽፍ ወጣት ሴት። ርዕሰ መምህሩ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ አስገባቸውና ወጣ። ወንበር የተዘጋጀላቸው ከኋላ ነበር፤ ሽማግሌው ከዘሃራ አግዳሚ አጠገብ ተቀመጡ።

ምንባቡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሽንኩርት ይዛ ገበያ ሄዳ፣ ሳትሸጥ ስለ ተመለሰች ሴት ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ነገር ይሁን ብዬ ነው፤ ያንንም የስልጠናው ደብተር ይላል። አነበብን፣ አዳዲስ ቃላት ጻፍን፣ ጥያቄ ጀመርኩ። እጅ በእጅ ሆነ። ከፊት ያሉት ጎበዞች በቀኛቸው አውጥተው አንድ በአንድ መለሱ። የወጣቷ መዛኝ ብዕር ሲሮጥ ይታየኛል። ልቤ ረጋ አለ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከበድ ትላለች። «እናንተ በሴትዮዋ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» የምትል ናት። መልሱ ምንባቡ ውስጥ የለም፤ ከራስ ነው የሚመጣ። ጠየቅሁ። አሁንም ሁሉም እጅ ወጣ። ቀኞቹን ስፈልግ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ከፊት።

አራተኛ ቀኝ እጅ ከኋላ አየሁ። የዘሃራ ነው።

ተሳሳተች አልኩ። ቀኝና ግራው ተምታቶባታል አልኩ። በዓይኔ «ቀይሪ» አልኳት። አልቀየረችም። እንዲያውም ከፍ አደረገችው። ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል እጇን ይዛ ቆየች። እኔም እንዳላየ ሆኜ ከፊት ካሉት አንዱን ልጠራ አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው መዛኝ ብዕራቸውን ወደ እሷ አድርገው በእንግሊዝኛ «እስቲ ይቺን ልጅ እንስማት» አሉ።

ዘሃራ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሳች።

ያኔ ሁለት ክረምት፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት፣ «ትርፍ» የምትለዋ ቃል፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ይቺ ልጅ አፏን ከፍታ ዝም ብትል አበቃልኝ አልኩ። እንግሊዝኛ ላይ ማንም ተማሪ አይከተለኝም ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ፍጥን አድርጌ በእንግሊዝኛ መለስኩላቸው።

«ይቺ ምንም አይገባትም። ሌሎቹ እጅ ሲያወጡ ስላየች ነው የምታወጣው። የምትመጣው አግዳሚ ለመሙላት ነው። ሌላ ልጥራ» አልኳቸው።

ሽማግሌው እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ጻፉ። እኔ ከፊት ያለውን ልጅ ጠራሁ፤ አሳምሮ መለሰ። ክፍሉ አጨበጨበ።

ዘሃራ ተቀመጠች። እጇ የወረደው ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቶ ነው። ወደ ጠረጴዛው ሥር አስገባችው። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ያን ጊዜ ግን ልቤ ያለው ብዕሩ ላይ ነበር።

አለፍኩ። ከምሳ በኋላ ሽማግሌው የሰጡኝን አስተያየት ርዕሰ መምህሩ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ ደረጃ ጠንቅቆ ያውቃል» ይላል። ባልደረቦቼ ትከሻዬን መቱኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ዘሃራ አልመጣችም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጣችም። ስም ስጠራ እዘላታለሁ። አንድ ሁለቴ አብራት የምትቀመጠውን ልጅ ጠይቄ ነበር፤ «አላውቅም ቲቸር» አለችኝ። ክትትሉ አልቋል፣ ሪፖርቱ ገብቷል፤ ከዚያ በላይ አልገፋሁበትም። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሄደ። በመካከሉ የፈቃዱ ወረቀት መጣልኝ።

አስቤበት፣ ጨንቆኝ ልፈልጋት ሄድኩ ብል ደስ ባለኝ። ግን ቲማቲም ልገዛ ነው ገበያ የወጣሁት። የዘሃራ እናት እትየ ሐዋ ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ በመደብ አድርገው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሩቅ ሆኜ አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝና ከተቀመጡበት ተነሱ። ዞር ብዬ ልሄድ አልቻልኩም።

«መምህር! ኧረ እንኳን አላህ አመጣዎ! ደህና ከረሙ? ልጆቹስ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ?» አሉኝ። ጉልበቴን ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም። ዘሃራ መሆን አለባት።

«ደህና ነኝ። ዘሃራ ምነው ቀረች?»

«ዋጃ ላክኋት። አክስቷ ጋ።» ዘንቢል የያዘች አንዲት ገዢ ዋጋ ጠየቀቻቸው፤ መልሰውላት ወደኔ ዞሩ። «ተከፉብኝ እንዴ? ኧረ ምን ላድርግ መምህር? እርስዎ ወላሂ አልሰነፉባትም። ከሰዓቷን ሁሉ ሲለፉባት ነው የከረሙት። አላህ የልፋትዎን ይክፈልዎ። ግን እርስዎ ራስዎ አይሆንም ካሉ፣ እኔ ምን ብዬ ላስቀምጣት?»

«እኔ አይሆንም አልኩ?»

«ለእንግዶቹ ተናገሩ አይደል? ያን ለት ገብታ ነገረችኝ።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ወቀሳም የለም። የሰፈር ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገሩኝ። «'ይቺ ምንም አይገባትም። ሌሎቹ እጅ ሲያወጡ ስላየች ነው የምታወጣው። የምትመጣው አግዳሚ ለመሙላት ነው' ብለው የለ? እውነትዎን ነው። የማይገባትን ነገር ምን አለፋት ብዬ በማግስቱ ሰደድኳት።»

ቃል በቃል ነው። አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ አንዲት ቃል አልተጨመረችም። እኔ ያንን በአማርኛ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ ለርዕሰ መምህሩም።

«እትየ ሐዋ» አልኩ፣ «ይኸን ማን ነው የነገራት?»

«ማን ይነግራታል? በጆሮዋ ሰማች እንጂ።»

ቲማቲሙን ልገዛ ያወጣሁት ፌስታል በእጄ ነበር። ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ።

«ይስሙኝ እትየ ሐዋ። እኔ ያን ያልኩት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ነው የተናገርኩት፤ ያውም ፍጥን አድርጌ። እሷ ያንን ሁሉ ከሰማች፣ ለእርስዎም እንዲህ አድርጋ ወደ አማርኛ ከመለሰችው፣ ልጅዎ እንግሊዝኛ ትችላለች ማለት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ገብቷታል። ሁሉም ገብቷታል።»

እትየ ሐዋ አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ «ዛሬስ ፊትህ ወዛ» ሲል የታመመው ሰው እንደሚያየው ዓይነት አስተያየት ነው።

«እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አሉኝ።

«ኧረ ደግነት አይደለም! እውነቴን ነው።»

«አብሽሩ መምህር። እኔ አልተቀየምኩም። ልጄን ጠልተው እንዳልተናገሩ አውቃለሁ።»

«በፈጠረኝ! በልጆቼ! እኔ ዋሽቼ ነው። ፈርቼ ነው እንዲያ ያልኩት።»

«አይማሉ፣ አይማሉ። በአላህ ይዤዎታለሁ አይማሉ» ብለው እጃቸውን አነሱ። «ሰው በትልልቅ ሰዎች ፊት ይዋሻል? ያውም አስተማሪ? እዚያ የተናገሩት ነው እውነቱ። አሁን የሚሉኝ ለእናት ሆድ ነው። እኔን እንዳይከፋኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አወራሁ። ይመልሷት፣ እኔ አስተምራታለሁ፣ ደብተሯንም እኔ አሟላለሁ አልኩ። «አክስቷም ለምዳታለች፤ እሷም ተመለሺ ብላት እሺ አትለኝም» አሉኝ። ባወራሁ ቁጥር የበለጠ አዘኑልኝ። ለእኔ! ስንት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ሳወራ የኖርኩ ሰውዬ አንዲት እናት ማሳመን አቃተኝ። ውሸቴን ሲሰሙ ወዲያው አመኑኝ፤ እውነቱን ስነግራቸው ይሉኝታ መሰላቸው።

ልሄድ ስል ፌስታሉን ከእጄ ነጥቀው ከመልካም መልካሙ እየመረጡ ቲማቲም ሞሉልኝ። «ለልጆቹ ነው፤ ብር እንዳያወጡ» አሉኝ። ያን ፌስታል ተሸክሜ ቤቴ እስክደርስ ያየኝ ሁሉ ሰላም ሲለኝ ምን እንደመለስኩ አላስታውስም።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ያን ቀን በቀኛቸው ያወጡትን ሦስቱን ጎበዞች ለብቻ ጠራኋቸው። «እንግዶቹ በመጡ ቀን፣ መጨረሻ ላይ ለሽማግሌው ምን እንዳልኳቸው ሰምታችኋል?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

«አውርተዋል፤ ግን ፈጥነው ስለነበር አልገባንም ቲቸር» አለች አንደኛዋ። ሌሎቹ ሁለቱም እንዲሁ አሉ።

በዚያ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት የገባት አንዲት ተማሪ ብቻ ናት። እሷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ ወረቀቱ እንዲያ ይላል። ሪፖርቴ ሐሰት መስሎኝ የጻፍኩት እውነት ነበር። ለሽማግሌው እውነት መስሎኝ የተናገርኩት ሐሰት ነበር። ስለ ምንባቡ ሽንኩርት ሻጭ ለጠየቅሁት ጥያቄ ምን ልትመልስ እንደነበር ደግሞ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቷ ገበያ የምትውል ልጅ ናት፤ ከሁላችንም የተሻለ የምትለው ነገር ሳይኖራት አይቀርም ነበር።

አሁን አራት ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ትርፍ የሚለኝ የለም። የግራና የቀኙን ነገር ከክፍሌ አስቀርቻለሁ፤ እንግዳ ሲመጣም የምታውቁ ብቻ አውጡ እላለሁ። አራት አምስት እጅ ይወጣል፣ እንግዳው ይኮሳተራል፣ እንግዳው ከወጣ በኋላም ርዕሰ መምህሩ ይነጫነጭብኛል። ይህን በማድረጌ ቀለል ያለኝ ነገር የለም። ለዘሃራ ያደረግሁት ነገር ባለመሆኑ ነው መሰለኝ።

ብዙ ሰው በሕይወቱ የተሳሳተውን ሲያወራ መጨረሻ ላይ ሄዶ ይቅርታ ጠይቆ፣ ታርቆ፣ ተላቅሶ ነው የሚጨርሰው። እኔም እንዲያ ብዬ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ፈሪ ነኝ። ያን ቀን የፈራሁት መዛኙን ነበር፤ አሁን የምፈራው ዘሃራን ነው። ምን እንደምትለኝ አይደለም የምፈራው። «ቲቸር» ብላ ተነስታ፣ ወንበር ጠርጋ፣ የምበላውን እንዳታቀርብልኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለጉዳይ ወደ አላማጣ ስሄድ ሁለት ጊዜ በዋጃ አልፌያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሚኒባሱ የጭነት መኪኖች ከሚደረደሩበት፣ ሹፌሮች ከሚበሉባቸው ቤቶች ፊት ለፊት ቆሟል። ሁለቱንም ጊዜ ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጠይቋል።

ሁለቱንም ጊዜ ዝም አልኩ።